የወደድነው ሰው «ልረፍ» ሲለን



ስለ ስፖርት መጻፍ የዚህ መጽሔት ልማድ አይደለም። በበረዶ ወለል ላይ ስለሚደረግ ውድድር መጻፍማ ከዚያም ይልቅ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሰውን ከሩቅ የወደደ ሰው በወደደው ላይ ምን መብት አለው የሚለው ጥያቄ አገርም የአየር ጠባይም አይመርጥም። ይህን ጥያቄ ስናወጣና ስናወርድ ከጃፓናዊቷ ከማኦ አሳዳ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ስለዚህ ጥቂት ታገሡን።

ስፖርቱ ፊገር ስኬቲንግ ይባላል። ተወዳዳሪዋ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምታ፥ በሙዚቃ እየታጀበች በበረዶው ላይ ትንሸራተታለች፤ ትሽከረከራለች፤ ትዘላለች። ዳኞችም ለእያንዳንዱ ዝላይና ለጠቅላላው ውበት ነጥብ ይሰጣሉ። ውድድሩ አጭርና ረጅም የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አጭሩ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፥ ረጅሙም አራት ደቂቃ ያህል ነው። የዓመታት ድካም በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ይመዘናል። ከዝላዮቹ አንዱ ትሪፕል አክሰል የሚባለው ነው፤ ፊትን ወደፊት አድርጎ መነሣትን፥ በአየር ላይ ሦስት ጊዜ ተኩል መዞርን፥ ከዚያም ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ በአንድ እግር ማረፍን ይጠይቃል። በማኦ ዘመን ይህን በውድድር ላይ የሚደፍሩ ሴቶች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። እርሷ ግን ልጅ ሳለች ጀምሮ መለያዋ አደረገችው። መነሣቱ ሳይሆን ማረፉ ነው የሚከብደው ይላሉ የሚያውቁት። ቋንቋችን ከአየር ወርዶ መሬት ለመንካትም፥ ከድካም ጋብ ለማለትም፥ ከዚህ ዓለም ለመለየትም «ማረፍ» የሚል አንድ ቃል እንዳለው ልብ ይሏል።

ማኦ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1990 በናጎያ ከተማ ነው። በ15 ዓመቷ፥ በ2005 መጨረሻ፥ የዓለም ታላላቅ ተንሸራታቾች የሚገናኙበትን የግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ውድድር አሸነፈች። በሁለተኛው ወር በቱሪን በተደረገው ኦሊምፒክ ግን አልተካፈለችም፤ ደንቡ ከሚጠይቀው ዕድሜ 87 ቀን ጎድሏት ነበርና። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አገሩ ሁሉ እንደ ገዛ ልጁ ያያት ጀመር። «ማኦ ቻን» ይሏታል። «ቻን» ጃፓናውያን በሕፃንና በቅርብ ዘመድ ስም ላይ የሚቀጥሉት የቍልምጫ ቃል ነው፤ እኛ «ማኦዬ» እንደምንለው ማለት ነው። አይተዋት የማያውቁ ሚሊዮኖች እንዲህ ሲጠሯት አደገች። እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ቍልምጫ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የተቈላመጠ ሰው በቈላማጮቹ ዓይን አያድግም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ፥ በቫንኩቨር ኦሊምፒክ፥ ማኦ በአንድ ውድድር ሦስት ጊዜ ትሪፕል አክሰል ዘልላ በደንብ አረፈች፤ ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገች ሴት አልነበረችም። የወርቅ ሜዳልያውን ግን በ228.56 ነጥብ የደቡብ ኮሪያዋ ኪም ዩና ወሰደች፤ ማኦ በ205.50 ሁለተኛ ሆነች። ሁለቱ በአንድ ዓመትና በአንድ ወር የተወለዱ እኩዮች ናቸው። ኪም ዩና በ2008 ተጠምቃ ካቶሊክ የሆነችና ከመወዳደሯ በፊት በበረዶው ላይ ስታማትብ የምትታይ ነበረች፤ ይህ አንባቢዎቻችንን ደስ ቢያሰኝም ሚዛናችንን እንዳያዘነብል እንጠንቀቅ። እርሷም ብትሆን ከ2011 የዓለም ሻምፒዮና በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ከውድድር ርቃ ቆይታለች፤ የአገሯም ሰው «መቼ ትመለሻለሽ?» ከማለት አልቦዘነም።

በ2011 መጨረሻ ማኦ ለግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ወደ ካናዳ፥ ወደ ኩቤክ፥ ሄዳ ሳለች የእናቷ ሕመም እንደጸና ተነገራት። ውድድሩን ትታ ተመለሰች፤ ነገር ግን አልደረሰችም። እናቷ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ማኦ በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ተወዳደረችና አሸነፈች። ሕዝቡ ጥንካሬዋን አደነቀ። እኛ ግን ዛሬ ነገሩን ስናስበው፥ ያዘነች የ21 ዓመት ልጅ «ዘንድሮ አልችልም» ብትል ኖሮ ያው ሕዝብ እኩል ያደንቃት ነበርን? ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ከዚያ ሶቺ መጣ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. የካቲት 2014 ነው። በአጭሩ ክፍል ማኦ በዚያ በሚወደድላት ዝላይ ወደቀች፤ ሌሎቹም አልሰመሩላትም። 55.51 ነጥብ አግኝታ 16ኛ ሆነች። በጃፓን ሊነጋጋ ሲል ነበርና ብዙዎች ሳይተኙ ቆይተው ይህን አዩ። በማግሥቱ አንድ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር በአደባባይ ንግግራቸው ላይ፥ ይህች ልጅ ወሳኝ ጊዜ ሲመጣ ሁልጊዜ ትወድቃለች የሚል አስተያየት ሰጡ። በዚያችው ሌሊት ማኦ ወደ በረዶው ተመልሳ በራክማኒኖፍ ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቸርቶ ረጅሙን ክፍል አቀረበች። ትሪፕል አክሰሏን ዘልላ አረፈች፤ ሌሎቹንም ተከታትላ ፈጸመች። ሙዚቃው ሲያበቃ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ አለቀሰች። 142.71 ነጥብ፥ በሕይወቷ ከፍተኛው ሆነ፤ ከ16ኛ ወደ 6ኛ ወጣች። ሜዳልያ የለም። ሆኖም ከዚያ ኦሊምፒክ የብዙ ሰው ልብ የያዘው የባለሜዳልያዎቹን ሳይሆን የእርሷን አራት ደቂቃ ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ ጋዜጠኞች የጠየቋት የመጀመሪያው ነገር ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ትቀጥያለሽ ወይስ ታቆሚያለሽ? እርሷም ግማሽ በግማሽ ነኝ አለች። ይህ መልስ በአገሩ መነጋገሪያ ሆነ፤ የቀለደበትም አልጠፋ። በእኛ አስተያየት ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መካከል የተነገረ እውነተኛ ቃል ይኸው ብቻ ነበር። ሰው ገና ያልወሰነውን «አልወሰንኩም» ቢል ምን ያስደንቃል? ያስደነቀው፥ እኛ ወዳጆች ሁልጊዜ አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ስለምንሻ ነው። በመጋቢት ወር በሳይታማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ማኦ በአጭሩ ክፍል 78.66 በማግኘት በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን የሆነ ነጥብ አስመዝግባ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ግንቦት 19 ቀን 2014 ደግሞ ለአንድ ዓመት ከውድድር እንደምታርፍ አስታወቀች። ዕድሜዋ 23 ነበር።

ታዲያ የሚወዷት ምን አሉ? እንዲህ ያለ ዜና በተሰማበት ሁሉ ደጋፊ የሚለውን አሉ። አንዳንዱ «አበጀሽ፥ ይገባሻል» አለ። አንዳንዱ አለቀሰ። አንዳንዱ ቀን መቍጠር ጀመረ። «ይገባሻል» ያለውም ቢሆን ከአፉ ሳይጨርስ «ግን ትመለሻለሽ አይደል?» ሲል ቀጠለ። ከመጀመሪያው ይልቅ ትኵረታችንን የሳበው ይህ ሁለተኛው ቃል ነው። እረፍትን ፈቅዶ መመለሻውን ቀን የሚቈርጥ ሰው የሰጠው እረፍት አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ አለቃ ለሠራተኛው የሚሰጠው ነገር ነው። እኛ አለቆቿ ነንን?

የደጋፊው ወገን የሚያቀርበው ሙግት ግን በቀላሉ የሚጣል አይደለምና በሚገባ እንስማው። «እኛ ባንኖር እርሷ ማን ነበረች?» ይላል። «ቲኬት የገዛነው፥ ሌሊት የተነሣነው፥ ስትወድቅ አብረን የወደቅነው፥ ያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲናገር የተቈጣንላት እኛ ነን። ስፖርቱ የሚኖረው በእኛ ነው። ካረፈች ትረፍ፤ ነገር ግን ማወቅ አይገባንምን?» በዚህ ሙግት ውስጥ እውነት አለ። ወዳጁ ከገንዘቡም ከእንቅልፉም ሰጥቷል፤ የሰጠውም ከልቡ ነው። በሩቅ አገር ያለችን አንዲት ልጅ አይቶ ከራሱ ኑሮ ወጥቶ ስለ ሌላ ሰው መጨነቅ መቻሉ በራሱ መልካም ነው፤ በዚህ ዘመን ለጎረቤቱ እንኳ የማይጨነቅ ስንት አለ!

ስሕተቱ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። ቲኬቱ የተከፈለው ለአንድ ምሽት ነው፤ ምሽቱም ተሰጥቶናል፤ ዕዳ የለም። ሌሊት መነሣታችንም ማንም ሳያዘን በደስታ ያደረግነው ነው። በደስታ የሰጠነውን ኋላ ብድር አድርገን ከጠየቅን መጀመሪያም ስጦታ አልነበረም ማለት ይሆናል። ትሪፕል አክሰሉም እንዲሁ ነው። ጠዋት ጠዋት በባዶ አዳራሽ ስትወድቅና ስትነሣ እኛ አልነበርንም። የደረሰን ፍሬው ነው። ፍሬ የደረሰው ሰው ዛፉን «በሚቀጥለው ዓመትስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ የዛፉ ባለቤት ነኝ ሊል ግን አይችልም።

ይህን የምንለው በጃፓናውያን ለመፍረድ አይደለም፤ በእኛም ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 2010 አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋረጠ፤ በዚያው ቀን ከሩጫ መሰናበቱን ተናገረ። ያን ቀን ያላዘነ ኢትዮጵያዊ ማን ነበር? «ኧረ አይሆንም፥ ይመለስ» ያላለውስ? ብዙ ሳይቆይም ሐሳቡን ለወጠና ደስ አለን። በመጨረሻ የተሰናበተው በ2015 ነው። እኛም ደስ ካላቸው ወገን ነበርን፤ ነገር ግን ዛሬ ራሳችንን ስንመረምር በእነዚያ ቀናት «ተመልሶ ይሮጣል?» ብለን ስንት ጊዜ እንደጠየቅን እናስታውሳለን፤ «ጉልበቱ እንዴት ሆነ?» ብለን መጠየቃችንን ግን አናስታውስም።

እንዲህ ያለ ፍቅር ሥር ሲሰድ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ከዚያው ከጃፓን ሌላ ምሳሌ አለ። ዩዙሩ ሃንዩ በ2014ና በ2018 ኦሊምፒክ በተከታታይ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ ተንሸራታች ነው። አቅርቦ ሲጨርስ ወዳጆቹ ዊኒ ዘ ፑ የተባለውን የተረት ድብ አሻንጉሊት ከየአቅጣጫው ይወረውሩለት ነበር፤ በረዶው ቢጫ እስኪመስል ድረስ። ሕፃናት ተንሸራታቾች እየተሯሯጡ ይለቅሙታል። ያየ ሁሉ የሚስቅበት ደስ የሚል ትርኢት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2022 ሃንዩ ከውድድር ተሰናብቶ በትርኢት ብቻ እንደሚቀጥል ሲያስታውቅ ብዙዎች አለቀሱ፤ ብዙዎችም ተከተሉት፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ በቶኪዮ ዶም ብቻውን ባቀረበው ትርኢት ወደ 35,000 ሰው ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ፍቅሩ ያማረ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ማግባቱን ገለጠ። በኅዳር ደግሞ መፋታታቸውን ራሱ ጻፈ፤ ምክንያቱም ባለቤቱንና ቤተሰቦቻቸውን የሚከታተል፥ ስም የሚያጠፋና የሚያሳድድ ሰው መብዛቱ እንደሆነ አስረዳ። አሻንጉሊት የወረወሩት ሁሉ ይህን አደረጉ አንልም፤ እንዲህ ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን «የእኛ ነህ» የሚለው ስሜት በሺዎች ልብ ሲለመድ፥ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ቃሉን እንደ ቃሉ ወስደው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ውድድር ማቆም ይቻላል፤ የሚወዱህን ሰዎች ማቆም ግን አልተቻለም።

በወንጌል የምናውቀውን አንድ ታሪክ ከዚህ ጋር ስናስተያይ ነገሩ አልቀለለንም፤ እንዲያውም ከበደን። ሐዋርያት ከተላኩበት ሥራ ደክመው ሲመለሱ፥ ምግብ ለመብላት እንኳ ጊዜ አጥተው ነበርና፥ ጌታ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ ነገራቸው። በታንኳ ሄዱ። ሕዝቡ ግን አይቶ በእግሩ እየሮጠ ቀድሟቸው ደረሰ! ጌታም አልተቈጣም፤ ራራላቸው፤ አስተማራቸው፤ መገባቸውም። እንግዲህ ደጋፊው «ይኸውና፥ እረፍቱ ለሕዝቡ ሲባል ተቋረጠ» ሊለን ይችላል። እኛም ይህን ስንመልስ በቂ መልስ ያገኘን አይመስለንም። አንድ ነገር ግን እናስተውላለን፤ ያ ሕዝብ እረኛ እንደሌለው መንጋ የባዘነና የተራበ ነበር፤ ራርቶ የሰጠውም የሚሰጠው ራሱ ነው፤ የማረፍንም ነገር አስቀድሞ ያነሣው እርሱ ነው እንጂ ሐዋርያቱ አልጠየቁትም። የእኛስ ረኃብ ምን ዓይነት ነው? አንድ ተወዳጅ ዝላይ ደግሞ ማየት ደስታ ነው፤ እንጀራ ግን አይደለም።

በቁምስናዎቻችንም ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል፤ ካቴኪስቶች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። አሥራ አምስት ዓመት ሕፃናትን ያስተማረ፥ ወይም መዘምራንን ያሰለጠነች፥ አንድ ቀን «ዘንድሮ ልረፍ» ሲል ወይም ስትል በስብሰባው ላይ የሚሆነው ይታወቃል። መጀመሪያ ዝምታ። ቀጥሎ ምስጋና። ከምስጋናው አያይዞ «ያለ እርስዎማ እንዴት ይሆናል?» ማለት ይመጣል። ይህ ሙገሳ ይመስላል፤ ሰሚው ግን እንደ ሰንሰለት ይሰማዋል። «አመሰግናለሁ፥ ይረፉ» ብሎ እዚያው ላይ ማቆምን የመሰለ ከባድ ንግግር የለም። ብዙዎቻችን ገና አልተማርነውም፤ ይህን የምንጽፈውም ጭምር።

ወደ ማኦ እንመለስ፤ ታሪኩ አላለቀምና። ዓመቱ ሲሞላ፥ ግንቦት 18 ቀን 2015፥ ወደ ውድድር እንደምትመለስ አስታወቀች። የቈጠሩት ደስ አላቸው። በመከር ወራትም በቻይና የተደረገውን የግራንድ ፕሪ ውድድር አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ግን ጉልበቷ አስቸገራት፤ ዝላዩ አልታዘዝ አላት፤ በታኅሣሥ 2016 በአገር አቀፉ ሻምፒዮና 12ኛ ሆነች። በዚህ ጊዜ ሌላ ድምፅ ተሰማ። «ምነው ባልተመለሰች!» የሚል ነው። «በሳይታማ፥ በዓለም ሻምፒዮንነቷ፥ በክብር አቁማ ቢሆን ኖሮ ትዝታችን ባልተበላሸ» የሚል ነው።

እነሆ፥ ትናንት አትረፊ ያሉና ዛሬ ለምን አላረፍሽም የሚሉ ሁለት ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን አንድ ናቸው። አንደኛው ሕይወቷን ለነገ ደስታው ይፈልገዋል፤ ሁለተኛው ለትናንት ትዝታው። 12ኛ መሆን የእርሷ ነው፤ ሻምፒዮን መሆኗ የእርሷ እንደሆነ ሁሉ። ከልጅነት ጀምሮ በወደደችው በረዶ ላይ አቅሟ እስኪያልቅ መንሸራተት ብትሻ፥ ይህ ስለ እኛ ትዝታ ምን አገባው? ትዝታችን በ12ኛነት የሚበላሽ ከሆነ የወደድነው እርሷን ሳይሆን ደረጃዋን ነበር።

ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ማኦ አሳዳ ውድድር ማቆሟን በጽሑፍ አስታወቀች፤ ዕድሜዋ 26 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጠች። ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ኮት ለብሳ፥ የሚቀርብላትን ጥያቄ ሁሉ በፈገግታ መለሰች፤ ስለ ትሪፕል አክሰሏም ተናገረች። በመጨረሻ ቆማ ስታመሰግን ድምፅዋ ተቋረጠ። በመቶ የሚቈጠር ካሜራ ተደግኖባት ነበር። ዞር አለችና ጀርባዋን ለካሜራዎቹ ሰጥታ፥ ማንም ፊቷን ሳያይ፥ ጥቂት ቆየች። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስም ተመልሳ ዞረች፤ እጅ ነሥታም ወጣች።